የቁልፌ ጭፈራ

ቁልፌ ጎል አግብታ ዝም ብላ ተመልሳ አታውቅም። ኳሷ መረቡን ገና ነክታ ሳትወርድ እሷ ሜዳው ጥግ ላይ በሌለ ወንበር ቁጭ ትላለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ በሌለ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ የሌለ መኪና በእግሯ እየረገጠች ትሰፋለች። ከዚያ ክሩን በጥርሷ ትበጥስና ሸሚዙን አንሥታ ወደ ፀሐይ ታየዋለች። "ምንም አይልም" እንደሚል ሰው ጭንቅላቷን ዘንበል ታደርግና ወደ ተመልካቹ ትወረውረዋለች። ተመልካቹም፣ ጉድ እኮ ነው፣ ይቀልበዋል። አንድ ጊዜ ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች "እኔ ነኝ የቀለብኩት"፣ "ኧረ እኔ ነኝ" እየተባባሉ የሌለ ሸሚዝ ሲጓተቱ ታይተዋል።

ይህን የሚያይ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ደሟ የሚፈላው እህቷ እጅጌ ብቻ ናት።

ሁለቱ እህትማማቾች በሸሚዝ ፋብሪካው አንድ መስመር ላይ ነው የሚሠሩት። ታላቅየዋ ሸሚዙ ላይ እጅጌ ትገጥማለች፤ ታናሽየዋ መስመሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ከእናታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሥራቸው ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። በፋብሪካው የሴቶች እጅ ኳስ ቡድንም ነገሩ ያው ነው። እጅጌ አምበል ናት፤ መሐል ቆማ ኳስ ታከፋፍላለች። ቁልፌ በግራ ክንፍ ትበራለች። ሸሚዙም ኳሱም መጨረሻ ላይ የሚደርሱት እሷ ጋ ነው፤ ሸሚዙን ሰፋሁ፣ ጎሉን አገባሁ የምትለውም እሷው። እጅጌን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። እሷ ስታበስል ውላ ሌላዋ ጎርሳ ጣቷን ለሕዝብ የምትልስ ይመስላታል።

ቢሆንም ነገሩ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ በሆዷ ነበር። በእጅ ኳስ ጎል ያገባውን ቡድን ወደ ሜዳው እስኪመለስ የሚጠብቀው የለም። ኳሱ መሐል ደርሶ ዳኛው ፊሽካ ከነፋ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የሚጨፍር ይጨፍር። ግማሽ ፍጻሜውን የገጠሟቸው የዳቦ ፋብሪካ ሴቶች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ቁልፌ አግብታ ልትሰፋ ቁጭ ከማለቷ ኳሱን መሐል አድርሰው፣ እሷ ባዶውን ትታው በሄደችው ግራ መስመር ሮጠው፣ ክሩን ሳትበጥስ አገቡ። ትንሽ ቆይቶ ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በረኛዋ ኳሱን በጉንጯ መለሰችው። በረኛዋ የካውያ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ስሟም ካውያ ነው። ጉንጯ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ጨዋታው በአንድ ጎል ብልጫ አለቀ፤ ለፍጻሜ አለፉ።

ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ እጅጌ ወደ ሜዳው ዳር ነበር የምታየው። እዚያ የሳሙና ፋብሪካ ቡድን አምበል፣ ቀጭኗ የሚሏት ሴት፣ ቆማ ስትመለከት አምሽታለች። የዳቦዎቹ ሴቶች በግራ መስመር ባገቡ ቁጥር ቀጭኗ አጠገቧ ያለችውን ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም ታደርጋት ነበር። ይህቺ ጉሸማ ምን ማለት እንደሆነች ለእጅጌ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በፍጻሜው የሚገጥሟቸው እነዚሁ የሳሙና ሴቶች ናቸው። እጅጌ አምበል ከሆነች ወዲህ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳሙናዎቹ አጥበው፣ ጨምቀው፣ ገመድ ላይ አስጥተዋቸዋል። ፋብሪካው ዋንጫ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። እጅጌ ደግሞ ዘንድሮ ይህን ዋንጫ ሳታነሣ ብትቀር መርፌ የምትይዝበት እጅ የሚኖራት አይመስላትም ነበር።

በማግስቱ የስፌት መስመሩ ለሁለት ተከፈለ። ኮሌታ የምትሰፋዋ ወይዘሮ፣ ሰባት ሰው ያበሰለውን አንዷ በልታ ለሰፈሩ ሁሉ ማግሳት ነውር ነው አለች። ኪስ የምትለጥፈዋ ደግሞ እኔ የጨዋታውን ሕግ አንዱንም አላውቀው፣ ፀሐይ ላይ የምቆመው ቁልፌ ስትሰፋ ለማየት ነው፣ እሷን ከከለከላችሁ እኔም ቤቴ ተኝቼ እውላለሁ ብላ መለሰች። ከወዲያ ማዶ አንዷ "ያገባ ይጨፍር" ብላ ብትፈርድ፣ ከአጠገቧ ያለችው ባለትዳር መኪናዋን ሳታቆም፣ "እኔ አግብቼ ምን ጨፈርኩ?" አለቻት። መስመሩ በሙሉ በሳቅ ተንጫጫ። ቁልፌ ራሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች። እጅጌ ብቻ ቀና ሳትል እጅጌዋን ገጠመች።

አሰልጣኛቸው የፋብሪካው መካኒክ ጋሽ ዘይቱ ናቸው። ከምሳ በኋላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ እጅጌ መጡና ግማሹ ቡድን ቁልፌ ትቀመጥ፣ ግማሹ ትጫወት እያለ መሆኑን ነገሯት።

"እኔ መኪና ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር" አሏት። "የእህትማማች ነገር ግን ብሎን የለውም። አምበሏ አንቺ ነሽ፤ እህትነቱም ያንቺ ነው። ወስነሽ ንገሪኝ።"

የዚያን ቀን ማታ ራት ላይ እጅጌ ነገሩን እናታቸው ፊት አነሣችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ወይ ከእንግዲህ አልጨፍርም ብለሽ ቃል ትገቢያለሽ፣ ወይ በፍጻሜው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ አለቻት።

ቁልፌ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ቃል አልገባም አለች፤ ኳሱ ሲገባ የሚሰፋው እጇ እንጂ እሷ እንዳልሆነች፣ ቃል ገብታ ብታፈርስ ጥፋቷ ሁለት እንደሚሆን በእርጋታ አስረዳች። እጅጌ "ይሄ ራስ ወዳድነት ነው" ስትላት ግን እርጋታዋ አለቀ።

"እኔ ነኝ ራስ ወዳድ? እስቲ አንቺ ስታገቢ ምን እንደምታደርጊ ልንገርሽ፣ እትዬ። ፊትሽን ቋጥረሽ፣ ማንንም ሳታዪ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽን ትመለሻለሽ። ልናቅፍሽ የዘረጋነው እጅ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ስሰፋ ሰው ሁሉ አብሮኝ ይስቃል። አንቺ ዝም ስትዪ ግን 'ይሄማ ለእኔ ምኔም አይደል' እያልሽን ነው። ጭፈራ ከተባለ ያንቺ ይብሳል።"

እጅጌ ወደ እናቷ ብታይ እናቷ ሳህን እያነሣች ነበር።

"ሁለታችሁም ከእኔው ነው የወጣችሁት" አለች እናታቸው ፊቷን ሳታዞር። "ቁልፌ ስትወለድ ጣራውን በጩኸት አነሣችው። አንቺ ዝም አልሽ። አዋላጇ የደነገጠችው ባንቺ ነው።"

እጅጌ በነጋታው ሥራዋ ላይ ሆና ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። የእህቷ ንግግር እንደ ተሰበረ መርፌ ጫፍ የሆነ ቦታ ገብቶ ቀርቶባታል፤ ከእሱ ይልቅ ግን የቀጭኗ ጉሸማ ነበር አእምሮዋን የያዘው። ሳሙናዎቹ ቁልፌ እስክትቀመጥ ድረስ እንደሚጠብቁ የታወቀ ነው። ስትቀመጥ በግራ መስመር ይመጣሉ። የሚመጡበት መንገድ ከታወቀ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ይህ ሐሳብ ብልጭ ሲልላት በእጇ የነበረውን እጅጌ ገልብጣ ገጥማው ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ፈታችውና እንደገና ሰፋችው፤ ስትሰፋም ፈገግ አለች።

ቁልፌ የተበላሹ ቁልፎች ልታስተካክል በቀረችበት ሰዓት ቡድኑን ካውያ ክፍል ጀርባ ሰበሰበችና ዘዴውን ነገረቻቸው። ቁልፌ ታገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሰፋለች። እኔ ወደ መሐል በመመለስ ፈንታ ወደ ግራ እሰወራለሁ። ኳሱን ለማፍጠን በረኛቸው ራሷ ይዛው ትወጣለች፤ ጎላቸው ባዶውን ይቀራል። ኳሱን እኔ እቀልበዋለሁ፤ የቀረውን ለእኔ ተዉት። ሁሉም ተያዩ፤ ሳቁም። ካውያ ብቻ ያበጠ ጉንጯን እየዳበሰች፣ ለራሷ ለቁልፌስ አትነግሪያትም ወይ ብላ ጠየቀች።

"ካወቀች ከልቧ አትሰፋም" አለች እጅጌ። "ከልቧ ካልሰፋች ደግሞ አይመጡም።"

ካውያ በዘዴው ብልጠት እንደማትከራከር፣ ነገሩን ግን እንዳልወደደችው ተናግራ ወደ ሥራዋ ገባች።

እጅጌ ለእህቷ የነገረቻት በመንገድ ላይ ነው። ትጫወቻለሽ፣ እንደፈለግሽም ስፊ አለቻት። ቁልፌ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ድንጋይ እንዳልሆንሽ አውቅ ነበር፣ እትዬ፣ ድንጋይ ናት ለሚሉሽ ሁሉ እኔ ነኝ የምነግራቸው እያለች እየዘለለች እስከ ቤት ደረሰች። እጅጌ ጆሮዋ ጋለ። አሁን ብነግራትስ ብላ አሰበች። ዋንጫውን አሰበችና ተወችው።

የፍጻሜው ቀን ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶት ነበር። ከሸሚዝ ፋብሪካው ያልመጣ ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ተረኛ ስለሆነ። ሳሙናዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ተበጥረው፣ ዋንጫውን ሊረከቡ የተጠሩ መስለው ገቡ።

ቁልፌ ብዙም አላስጠበቀችም። እጅጌ ያቀበለቻትን ኳስ ከጠባብ ጥግ በበረኛዋ ብብት ሥር አሾልካ አገባችና ቁጭ አለች። ክሯን ስታስገባ የሳሙናዋ በረኛ ኳሱን ይዛ ወጣች፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ቀጭኗ በግራ መስመር ረጅም ኳስ ወረወረች። ኳሱ የሄደው እጅጌ እጅ ውስጥ ነው። እጅጌ አንድ እርምጃ ገባ ብላ ከመሐል ሜዳ ወደ ባዶው ጎል ለቀቀችው። ሰዉ አበደ። ቁልፌ ጩኸቱ ሁሉ ለእሷ ሸሚዝ መስሏት ጎንበስ ብላ ምስጋና አቀረበች።

ሳሙናዎቹ አንድ ጊዜ ያጋጥማል አሉ መሰለኝ፣ ቁልፌ ሌላ ጎል አግብታ ስትቀመጥ ደገሙት። እጅጌም ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ግን ቁልፌ ክሯን በጥሳ፣ ሸሚዟን በፀሐይ አይታ፣ ወደ ሕዝቡ ወረወረችው፤ የቀለበው ሰው አልነበረም። የሰው ሁሉ አንገት ወደ ሌላው ጎል ዞሯል። የሌለው ሸሚዝ መሬት ወደቀ። ዞር ብላ ስታይ ጓደኞቿ እጅጌን ከበው "ልክ እንዳልሽው! ልክ እንዳልሽው!" ይላሉ። ካውያ ብቻ ከጎሏ ሆና ወደ እሷ ታያለች፤ ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ካውያ አቀረቀረች። ቁልፌ የቀረውን ለመረዳት ከዚያ በላይ አላስፈለጋትም።

በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ውሃ ሲሻሙ እሷ ራቅ ብላ ቆመች። እጅጌ ሄደችባት። እየመራን እኮ ነው አለቻት፤ አንቺን ከማስቀመጥ ይሄ አይሻልም ወይ?

"ብታስቀምጪኝ ይሻለኝ ነበር" አለች ቁልፌ። ድምጿ ውስጥ እንባም ቁጣም አልነበረም፤ እጅጌን የከፋትም ይኸው ነው። "ራስ ወዳድ ስትዪኝ ቢያንስ ፊት ለፊት ነበር። እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው የምሰፋው። አንቺ ጉድጓድ ላይ የሚጎዘጎዝ ሣር አደረግሽኝ።"

ፊሽካ ተነፋ።

ከዕረፍት መልስ ቁልፌ አላኮረፈችም፤ ማኩረፍ ለእሷ ያንሳታል። ከመጀመሪያው ይልቅ አጥብቃ ተጫወተች፣ አገባችም። አግብታ ግን ፊቷን ቋጠረች፤ ማንንም ሳታይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ኪስ የምትለጥፈዋ ሴት ልትቀልብ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበች። እጅጌ የገዛ ፊቷን በእህቷ ላይ አየችው፤ አላማረባትም። እንዲህ ነው እንዴ የምመለሰው ብላ አሰበች። ሜዳው ቀዘቀዘ። ሕዝቡ ዝም ሲል ቡድኑም እግሩ ከበደው፤ ሳሙናዎቹ ደግሞ ወጥመድ መኖሩ ገብቷቸው መጣደፉን ትተው፣ እንደ ለመዱት አንድ በአንድ እያጠቡ መጡ። ልዩነቱ ጠበበ፣ ጠበበና እኩል ሆኑ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሱ በግራ ጥግ ቁልፌ እጅ ገባ። በረኛዋ ወደ እሷ አዘንብላለች፤ ቢሆንም ቁልፌ ከዚህ የባሰ ጥግ አግብታ ታውቃለች፣ ሰውም እንድትወረውር ጠበቀ። እሷ ግን ቀና ብላ አየች። መሐል ላይ እጅጌ ብቻዋን ነበረች። ቁልፌ አቀበለቻት። ቂሟን በሆዷ ይዛ፣ ፊቷን ሳትፈታ፣ አቀበለቻት።

እጅጌ አገባች።

ከዚያ መመለስ ነበረባት፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እግሯ ግን እምቢ አለ። ቂም የያዘ እጅ ያቀበለው ኳስ ነው መረቡ ውስጥ ያለው። ይህ ነገር ደረቷ ውስጥ መጥቶ መውጫ አጣ፤ ሲያጣም በያገኘበት ወጣ። አንዱ ክንዷ ወደ ላይ ተሰቀለ። ሌላው ምን እንደሚያደርግ ያልተነገረው ይመስል ወገቧ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። በአንድ እግሯ ዘለለች፤ ጉልበቷ ሌላ ቦታ ሄደ። አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴት እጇን እያወናጨፈች ባለችበት ዞረች። ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ሳቅም ጩኸትም አልነበረም። ጋሽ ዘይቱ ያን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ዘይት ማጠጫው፣ እጃቸው ሳያስቡት ሄዷል። የሕዝቡ ግማሽ አሟት ነው ብሎ ደነገጠ።

ሳሙናዎቹ አልደነገጡም። በረኛቸው ኳሱን አንሥታ መሐል አደረሰች፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ቀጭኗ እጅጌ ባዶውን ወደ ተወችው መሐል ሜዳ ወረወረች። ኳሱ ግን መሐል ሜዳ ላይ ሰው አገኘ። ቁልፌ ነበረች። ከጥጓ ተነሥታ የእህቷን ቦታ ልትሸፍን ስትሮጥ ማን እንዳዘዛት፣ ማን እንደ ነገራት እሷም አታውቅም፤ አንዷ ስትጨፍር አንዷ መጠበቅ እንዳለባት ግን ከእሷ የተሻለ ማን ያውቃል። ኳሱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ባዶው ጎል ፊት ለፊቷ ነበር፤ አልወረወረችም። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ረጅሙን ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ኳሱን አቅፋ እጅጌን ስታይ ቆመች።

ከዚያ ኳሱን እንደያዘች ወደ እሷ ሄደች። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ካውያ አንዷን ተሸክማለች፣ የመጋዘን ሠራተኞቹ ይጮኻሉ። ቁልፌ ግን አልሳቀችም።

"ያ ያደረግሽው ነገር ከልብሽ ነው ወይስ ወጥመድ ነው?"

እጅጌ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም ነበር። መሐላ አልማለችም፤ ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፣ እሱም ከትንፋሿ ጋር ተደናቅፎ ቀረ። እጇ ብቻ ከጭፈራው እንደ ተዘረጋ ነው።

ቁልፌ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ሸሚዝ እንደምትመረምር አድርጋ፣ ሳትቸኩል።

"ወጥመድ ቢሆን ተለማምደሽው ትመጪ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ታስቦበት አይሠራም።" ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ። "አደራሽን ግን፣ እትዬ፣ እንዳትደግሚው። ሰው ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው።"

"ደስ ካለኝ እደግመዋለሁ" አለች እጅጌ።